ከበሩ አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ

ባለ ምግብ ቤቷ ዶኛ ኩካ ግንበኛውን እኔን የጠሩኝ አንድ በር ዘግቼ ሌላ በር እንድከፍትላቸው ነው። ፖርታሌስ ሰፈር ያለው ምግብ ቤታቸው የሚያስገባው በጠባቧ የጎን መንገድ በኩል ነበር። መንገዷ ወደ ቤቱ ስለምታዘቀዝቅ በክረምት ጎርፉ ደፉን ተሻግሮ ማድቤት ይገባል። አዲሱ በር በዋናው ጎዳና በኩል፣ ሁለት ደረጃ ከፍ ብሎ ይከፈታል። ከተማችን መሬቷ ስለሚንቀጠቀጥ ከላይ ግድግዳውን የሚሸከም ቢም ሳልጥል አንዲት ጡብ አልነካም አልኩ፤ ሁለት ሳምንት ተባባልን፤ ምሳ በእሳቸው።

ምሳ ሰዓት ላይ ምግብ ቤቱ ስለሚሞላ ባዶ ወንበር ያለበትን ጠረጴዛ ሁሉ ሰው ይጋራዋል። ለእኔ የደረሰኝ ዶን ኤቫሪስቶ ከሚባሉ ሽማግሌ ፊት ለፊት ያለው ነው። እዚያ መቀመጥ የሚፈልግ ሌላ ሰው አልነበረማ።

ጠረጴዛዋ ሰባ በሰባ ሳንቲሜትር ናት። አሮጌው በር ወደ ውስጥ ሲከፈት ጠርዙ ከሽማግሌው ወንበር መደገፊያ ሁለት ጣት ነው የሚርቀው። ሰው በገባና በወጣ ቁጥር ወደ ፊት ጎንበስ ይላሉ፤ ነፋሱ ሾርባቸውን ያቀዘቅዘዋል፤ ሲዘንብ ፍንጣቂው ትከሻቸው ላይ ያርፋል። ቀደም ብለው ሲመጡ፣ ውስጡ ባዶ እያለ እንኳ፣ የሚቀመጡት እዚያው ነው።

"ሴት እየጠበቁ ነው" አለችኝ አስተናጋጇ ኖሬሊ። "በሩ ሲከፈት ቀና ሲሉ አላየህም? አንዷ ቀጥራቸው ቀርታለች።"

"በሰማንያ ዓመታቸው?"

"ታዲያ! ቀጠሮው የቆየ ነዋ።"

እኔ ግን ሙያዬ ማየት ነውና ሌላ ነገር አየሁ። ለሚገባ ሰው ቀና አይሉም። ቀና የሚሉት ለሚወጣ ነው።

የሚወጣ ሰው ደግሞ ከሚበላ ሰው አጠገብ ዝም ብሎ አያልፍም። አወቀውም አላወቀውም "ይስማማዎ" ብሎ ነው የሚያልፈው፤ ይህን ያላስተማረች እናት የለችንም። ሁሉም በዚያች ጠባብ በር አንድ በአንድ፣ የሽማግሌውን ትከሻ እየታከከ ስለሚወጣ፣ ሁሉም ለእሳቸው ይላል።

"ይስማማዎ!"

"አመሰግናለሁ፣ ደህና ይዋሉ።"

"ይስማማዎ፣ አባት!"

"አመሰግናለሁ፣ ደህና ይዋሉ።"

ጎርሰው እንኳ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይመልሳሉ። ትንሹንም ትልቁንም አንቱ ይላሉ። የአሳንሰር ልማድ ነው። መሃል ከተማ፣ ባለ አሥራ አንድ ፎቅ የጨርቅ ነጋዴዎች ሕንጻ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት አሳንሰር ነድተዋል። "ነዳሁ" ነው የሚሉት። በዚያ ጊዜ አሳንሰሩ በእጀታ ነበር የሚቆመው፤ ወለሉን ከደጁ ጋር እኩል አድርጎ ማቆም እጅ ይፈልጋል፤ አንድ ጣት ከፍ ካለ ሰው ይደናቀፋል።

"በሠላሳ አንድ ዓመት የተደናቀፈችብኝ አንዲት ሴት ናት" አሉኝ። "እሷንም አገባኋት።"

ኤውፌሚያ ትባላለች፤ ሰባተኛ ፎቅ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ትሰፋ ነበር። ከሞተች አራት ዓመቷ ነው።

ሐሙስ ፖሶሌ የሚባለው የበቆሎ ሾርባ ቀን ነው። በቆሎው እንደ አበባ ፈክቶ፣ ሾርባው በዱባ ፍሬ አረንጓዴ ሆኖ ይቀርባል፤ ሰዉ በሩ ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል። በዚያ ግርግር መሃል ዶኛ ኩካ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ።

"ዶን ኤቫሪስቶ፣ እንግዲህ ብርዱ አለቀልዎት! አዲሱ በር ሲከፈት የመስኮቱን ጥግ ለእርስዎ ነው የያዝኩት። ወንበሩ ትራስ አለው፤ ነፋስ የለ፣ አላፊ አግዳሚ የለ፣ ማንም አይነካካዎትም።"

"በጣም ደግ ነዎት፣ ዶኛ ኩካ" አሉ።

ፖሶሌውን ግማሹን ተዉት። በዕድሜዬ ፖሶሌ የተወ ሰው አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጠየቅኋቸው። "ትራሱ ነው ያስከፋዎት?"

"ማኤስትሮ" አሉኝ፤ እኛ ባለሙያን የምንጠራው እንዲህ ነው። "እርስዎ ቤት ይሠራሉ። በመስኮቱ ጥግ በኩል ማን ያልፋል?"

"ማንም። ጥግ ነው።"

"ይኸው ነዋ።"

ዳቦአቸውን እየቆረሱ ነገሩኝ። "ኤውፌሚያ ሳህኑን ስታስቀምጥልኝ 'ይስማማህ' ትለኝ ነበር። ተኮራርፈን እንኳ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ትላለች እንጂ አትተወውም። ከሞተች በኋላ ጎረቤት ምግብ ያመጣልኝ ነበር። ሳህኑን ፊቴ አድርጌ እቀመጣለሁ፤ ይቀዘቅዛል። አልራበኝም ብዬ ነበር የማስበው። ለካስ ርቦኛል፤ የጠፋው የሚያስጀምረኝ ነው። ለራሴ ጮክ ብዬ ማለትም ሞከርኩ እኮ! መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ሌላው መጣ።"

"እዚህስ?"

"አንድ ቀን ዝናብ አባሮኝ ገባሁ። ባዶ የነበረችው ይቺ ወንበር ናት። አንድ የማላውቀው ጎረምሳ ሲወጣ 'ይስማማዎ' አለኝ። ሳላስበው ማንኪያውን አንስቻለሁ።"

"ለዶኛ ኩካ ልንገራቸው።"

"እንዳይሞክሩት! ነግረዋቸው፣ ኖሬሊ ታዝዛ በየምሳው እየመጣች 'ይስማማዎ' ልትለኝ? የታዘዘ ነገር ምን ያደርግልኛል?"

እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ምክንያቱን ሳልነግር ከዶኛ ኩካ ጋር መከራከር ነበረብኝ።

"ከአዲሱ በር ኋላ አንድ ጠረጴዛ ያስፈልጋል" አልኳቸው።

"ለምኑ?"

"በሩ ግድግዳውን እንዳይመታ። ማቆሚያ ነው።"

"የጎማ ማቆሚያ አለኝ። አማቼ ስድስት ሰጥቶኛል።"

"ጎማ ያልቃል።"

"አንተ ኢንጂነር!" አሉኝ፤ ሊያሾፉብኝ ሲፈልጉ ነው እንዲህ የሚሉኝ። "አርባ ዓመት በር ስከፍት ስዘጋ ኖሬያለሁ። ምሳ የሚቀርብለት በር ግን አላየሁም።"

ሜትሬን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ዶኛ ኩካ ወደ ዶን ኤቫሪስቶ አየት አደረጉ፤ ከዚያ ወደ እኔ።

"መዋሸት አይሆንልህም" አሉኝ። "ምን እንደሆነም አልጠይቅህም። ግን እዚያ ምግብ ለቤታቸው የሚወስዱ ሰዎች ናቸው የሚቆሙት። ከሃምሳ ሳንቲሜትር በላይ አልሰጥህም።"

"ይበቃኛል።"

ጠረጴዛዋን ሃምሳ በስልሳ ቆርጬ፣ በሁለት ብረት ከግድግዳው ጋር አሰርኳት። ሳህንና ብርጭቆ ትይዛለች፤ ክርን አትይዝም።

ሰኞ አዲሱ በር ተከፈተ። ዶን ኤቫሪስቶ እግራቸው እንደለመደው በጎን መንገዷ መጥተው ኖሮ፣ መሣሪያዬን ላነሳ ስዞር ከዘጋሁት ግድግዳ ፊት ለፊት ቆመው አገኘኋቸው።

"በዚያ በኩል ነው፣ ዶን ኤቫሪስቶ።"

"ልስኑ እርጥብ ነው እንዴ? እጄን አሳርፌበታለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

አምስት ጣታቸው ታትሟል። በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ አልተመለስኩበትም።

ክንዳቸውን ይዤ አዞርኳቸውና ትንሿ ጠረጴዛ ጋ አስቀመጥኳቸው። ኖሬሊ የፓስታ ሾርባ አመጣች። መጀመሪያ የወጣው ሰውዬ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ይዞ ከአንድ ሰው ጋር እየተጨቃጨቀ ወጣ። ሁለት ሴቶች ጃንጥላ እየተነጣጠቁ ተከተሉ። ቀጥለው አምስት የቢሮ ሰዎች፣ እየተሳሳቁ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ጎን ለጎን።

ጎን ለጎን። ያኔ ነው የገባኝ። አሮጌው በር ዘጠና ሳንቲሜትር ነበር። አዲሱን አንድ ሜትር ከአርባ አድርጌዋለሁ፤ ዶኛ ኩካ የጠየቁኝ ነው። ጥሩ በር ነው፤ ማጠፊያው አይጮህም፣ ሰው ሰውን አይገፋም። ማንም ማንንም ሳይታከክ፣ 'ይስማማዎ'ም ሳይል ይወጣል።

ሾርባው መተንፈሱን አቆመ። ዶን ኤቫሪስቶ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ማንኪያው ተቀምጦ እንደነበረ ነው።

የእኔ ሥራ አልቋል፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰፈር የሚጠብቀኝ መታጠቢያ ቤት አለ። ቦርሳዬን አንግቼ በበሩ በኩል መጣሁ። አጠገባቸው ስደርስ ቆምኩ።

"ይስማማዎ፣ ዶን ኤቫሪስቶ።"

"አመሰግናለሁ፣ ማኤስትሮ። ደህና ይዋሉ።"

አውቄ ያልኩት ነውና፣ ለእኔ ክብር ብቻ ማንኪያውን አነሱ። ሾርባው ውስጥ ግን አልነከሩትም። ዓይናቸው ከትከሻዬ በላይ አልፎ፣ ከፍሎ ጃኬቱን እየለበሰ ወደሚመጣ አንድ ሰው ሄዷል። መንገድ ዘግቼ መቆሜ ገባኝ። ቦርሳዬን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዛውሬ ወጣሁ።