ማተቧን የፈታች ዕለት

በ2016 ዓ.ም. መኸር ነበር። ገብሱ ደርሶ አጫጅ ጠፍቷል። ከማዶ ተኩስ ስለሚሰማ ሰው ራቅ ወዳለ ማሳው መሄድ ፈርቷል። እኛ ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው የምንኖረው።

ልጄ ከመኸሩ በፊት በነበረው ክረምት የመጀመሪያ ልጇን አጣች። ምጧ የመጣው መንገድ በተዘጋበት ቀን ነው። በቃሬዛ ይዘናት ስንወርድ መንገድ ላይ ወለደች፤ የሕፃን ለቅሶ አልተሰማም። ባሏ ለሥራ ወደ ቆላ ወርዶ ስለነበር ወደ እኔ ቤት አመጣኋት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ራቃት። እህል ስሰጣት በእጇ ትይዘዋለች እንጂ አትበላውም።

መጀመሪያ ጸበል ወሰድኳት። የንስሐ አባታችን ጠሩኝና፣ "ጸበሉን አታቋርጡ። ከተማ ጤና ጣቢያው ውስጥ ደግሞ የተጨነቀ ሰው የሚያማክር ባለሙያ አለ፤ እሱንም እዩት። ሐኪምንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው" አሉኝ።

ባለሙያው ወጣት ነው፤ ትሑት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር። አንቱ፣ ዶክተር ስለው "ዶክተር አይደለሁም እኮ እማማ" እያለ ይስቃል። ልጄ በየሳምንቱ ትገባለች፣ እኔ ደጅ እጠብቃለሁ። ስትወጣ ምን አልሽው ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ንስሐ አይጠየቅም፣ ይሄም እንደዚያ መሰለኝ። እሱ "ደህና እየሆነች ነው" ይለኛል። እሷም "ደህና ነኝ እማ" ትላለች። ተመስገን አልኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ደጄ ላይ ቆመች።

"አንቺ፣ ይቺ ልጅሽ ልትመንን ነው እንዴ?"

"ምነው?"

"የሰርግ ቀሚሷን ለልጄ ሰጠቻታ! ያንን የመሰለ ጥልፍ! የኔዋ ቀበጥ እስካሁን ከመስታወት ፊት አልተነሳችም። ጫማዋንም ጨመረችላት። ደግሞ ዛሬ እንዴት አምሮባታል፤ ስትስቅ አየኋት።"

ጎረቤቴ ሳቀች። እኔ ልጄ ከወለደች ጀምሮ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ወደ ቤት ገባሁ። ወለሉ ተጠርጓል። እንስራው እስከ አፉ ሞልቷል። ልብሶቿ ታጥበው፣ ታጥፈው ተደርድረዋል። የእኔ ትራስ ላይ ማተቧ ከነመስቀሉ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ማተብ ከሞተ ሰው አንገት እንኳ አይፈታም።

ጓሮ አጥሩ ጥግ ቁጭ ብላ አገኘኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ይሄ ለምን ከአንገትሽ ወረደ?"

ማተቡን ዘረጋሁላት፤ አልተቀበለችኝም።

"ራስሽን ልታጠፊ አስበሻል?"

ፊቷን ሳታዞር መለሰችልኝ። "ያን ያደረገ ፍትሐት የለውም። መስቀሉ ከእኔ ጋር እንዳይዋረድ ብዬ ነው እማ።"

ቁጣዬን ዋጥኩ። እጇን ያዝኩ።

"ይሄን ለዚያ ለአማካሪው ልጅ ነግረሽዋል?"

"ደህና ነኝ ነው የምለው።"

"ለምን?"

"ወንድ ነው እኮ! ስለ ምጥ፣ ስለ ደም፣ ጡቴ ሞልቶ የሚጠባ ስላጣሁበት ጊዜ እንዴት ብዬ አወራዋለሁ? ደግሞ ጥሩ ሰው ነው። ደህና ነኝ ስለው ደስ ይለዋል።"

"ታዲያ ሌላ ፈልጊልኝ አትይም?"

"የንስሐ አባት ተትቶ ሌላ ዘንድ ይኬዳል? ነውር ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?"

በእኛ አገር የንስሐ አባት ተደብቆ አይለወጥም። ፊታቸው ተቁሞ "አባቴ፣ ያሰናብቱኝ" ይባላል፤ እሳቸውም መርቀው ያሰናብታሉ። ልጄ ያንን ወግ ለአማካሪዋ አድርጋዋለች። መሰናበት እንዳለ ግን አታውቅም።

"ይኬዳል" አልኳት። "አሰናብቱኝ ተብሎ ይኬዳል። እኔ እለምንልሻለሁ።"

ሌሊቱን እጄን ከእጇ ሳልለይ አጠገቧ ተኛሁ። ተኩሱ ወደ እኛ ቀርቦ ነበር።

ሲነጋ መንገዱ ጭር እንዳለ ወጣን። ባለሙያው ሲመጣ በሩ ላይ ቆመን አገኘን። እጅ ነሳሁት።

"ደክመውልናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ልጄን ያሰናብቱልኝ።"

"ዛሬም አንቱ፣ እማማ? ምን አጠፋሁ?"

ስንገባ ማተቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና የነገረችኝን ነገርኩት። ሳቁ ጠፋ፤ አላኮረፈም ግን። ወደ ልጄ ዞረ።

"ለሴት ብትነግሪ ይቀልሽ ነበር?"

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

"እኔን እንዳይከፋኝ ብለሽ ነው የቆየሽው? ሰው ለሁሉ ሰው አይከፈትም፤ አይከፋኝም። አሁን ግን ብቻሽን አትሁኚ። እማማ፣ ከአጠገቧ አይነሱ፤ መጣሁ።"

ከእናቶች ክፍል አንዲት ጠና ያለች ባለሙያ ይዞ ተመለሰ። ሴትየዋ ወንበሯን ከልጄ ጎን አስጠግታ ተቀመጠች።

"የኔ እናት፣ ልጅሽ ወንድ ነበር ወይስ ሴት?"

ይሄን እስከዚያ ቀን የጠየቃት ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኋትም።

"ሴት" አለች ልጄ። "ጸጉር ነበራት።"

ሴትየዋ ደጅ እንድቆይ በዓይኗ ነገረችኝ። ማተቡን ከጠረጴዛው አንስቼ ወጣሁና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ከውስጥ የልጄ ለቅሶ ተሰማ፤ ሕፃኗን ከቀበርን ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር። ተመስገን አልኩ። ከነጠላዬ ጫፍ ክር መዘዝኩ፤ ጭኔ ላይ ገመድኩት፤ መስቀሉን ከአሮጌው ክር ላይ አውጥቼ አዲሱ ላይ አስገባሁት።