ዓባይነህን ያልለቀቅንበት ዓመት

ዓባይነህ እንጅባራ ውስጥ የቀርቀሃ ወንበር ሠሪ ነው። ወንበሩን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ጀልባዎቹን ግን የምናውቃቸው እኛ አሥራ አራቱ የክበብ አባላት ብቻ ነን። ክንድ የማይሞላ ጀልባ ከቀርቀሃ ስንጥር ይሠራል፤ ሸራውን ከእኔ ሱቅ በሚወስደው ቁራጭ ጨርቅ ይሰፋል፤ ዘንገና ሐይቅ ላይ ሲለቀው ቀጥ ብሎ ይሄድለታል። የእኔ ጀልባ ሦስት ጊዜ ሰምጣለች። ስለዚህ ሊቀመንበር አደረጉኝ።

ክበቡን የመሠረተችው የፊዚክስ መምህርቷ ሕይወት ናት። ሐሳቧ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን ትንንሽ ጀልባ እንድንሠራና እንድናወዳድር ነበር። እኛ ደግሞ ሦስት ሆነን ከተገናኘን ድግስ ያምረናል። ጀልባው እያነሰ፣ ድግሱ እየበዛ ሄደ፤ የድግሱም ሸክም ዓባይነህ ትከሻ ላይ አረፈ። አግዳሚውን የሚያመጣ እሱ፣ ድንኳን የሚወጥር እሱ፣ ባጃጅ የሚለምን እሱ። ከሁሉ በላይ የሙስሊሙንና የክርስቲያኑን ሥጋ የማያምታታ፣ ማን እንደሚጾም ማን እንደፈሰከ በቃሉ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ካስተናገደ እኔ ራሴ ሳህኑን ሁለቴ ነው የማየው።

ዓምና ክረምት ባሕር ዳር ሄዶ አንዷን ጀልባ ይሄነው ለሚባል ሰው አሳየው። ይሄነው ጣና ላይ ሰው የሚጭን የእንጨት ጀልባ ይሠራል። ጀልባዋን ገልብጦ ሆዷን አየና፣ «ይኸ እጅ ወንበር ላይ ምን ይሠራል? ና አብረን እንሥራ። የሚመጣው ዓመት ጳጉሜን አንድ እስኪደርስ ቦታህን እይዝልሃለሁ» አለው። ዓባይነህ አርባ አንድ ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዕድሜው እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም።

መስከረም ላይ የክበቡን ዓመት ስንከፍት ነገረን። ውድድሩ አልቆ፣ ሐይቁ ዳር ዳቦ እየተቆረሰ ነበር። «ከጥቅምት በኋላ የለሁም» አለ። ሌላው ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ እኔ ያሰብኩት ጥር ላይ ለፈረሰኞች በዓል የጠራናቸውን እንግዶች ነው።

በማግስቱ እኔና ጡረተኛው ዳኛ አቶ መሳፍንት ሽማግሌ ሆነን ቤቱ ሄድን። ሚስቱ ዋጋዬ ወንበር አቀረበች። አልተቀመጥንም። ለልመና የመጣ ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም፤ ሽማግሌ አሳፍሮ የመለሰ ሰውም ከተማው ውስጥ ቀና ብሎ አይሄድም። ልማዱ የተጣላ ለማስታረቅ፣ ልጅ ለመዳር ነበር። ለጀልባ ክበብ ያዋልነው እኛ ነን።

«እስከ ጥር ብቻ» አልኩት።

«ጋሼ ኑርሁሴን፣ እባክዎ ይቀመጡ።»

«እሺ በለኝና።»

አቶ መሳፍንት ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዓባይነህ የሚንቀጠቀጠውን ጉልበት አየና «እሺ» አለ። ተቀመጥን፤ አቶ መሳፍንትም መረቁት።

ጥር አለፈ፣ በዓሉም ደመቀ። ከዚያ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተቀራርበው መጡ፤ ዒዱንና ፋሲካውን ክበቡ በአንድ ላይ ያክብር ተባለ። ሁለት ድስት፣ ሁለት ዓይነት ሥጋ፣ ማን ይቆጣጠር? ሄደን ቆምን። «እስከ ፋሲካ ብቻ» አልነው። ፋሲካ ሲያልፍ የሕይወት ሰርግ ደረሰ፤ ክበቡ አጃቢ ነው። ሄደን ቆምን። በዚህኛው ዋጋዬ ወንበር አላቀረበችም።

ዓባይነህ አሁንም እሺ አለና እስከ በር ሸኘኝ። «ጋሼ፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር እናንተ ትመስሉኛላችሁ» አለኝ። «እንዳልከፍት ነውር ነው። ከከፈትኩ ደግሞ አለቀልኝ። በገዛ ቤቴ መተንፈሻ አጣሁ።»

«መወደድህ እኮ ነው» ብዬ ሳቅሁ። ሳቄን ሳስታውሰው አሁንም ያሳፍረኛል።

ሰርጉ አልፎም ሰበብ አላጣንም። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሳይጠና ለመጨረሻ ጊዜ ዘንገና ወረድን። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ዙሪያውን ገደል ነው፤ የለቀቅነው ጀልባ ሁሉ ዞሮ ዳር ላይ ይመጣል። ዓባይነህ ጀልባውን ለቀቀና ሳያያት ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ሕይወት «አትከተላትም?» ብትለው፣ «የት ትሄዳለች?» አላት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ጀልባ አልሠራም፤ ቁራጭ ጨርቅም ሊወስድ ሱቄ አልመጣም።

የዓመቱ መዝጊያ ጳጉሜን ሁለት እንዲሆን ወሰንን። የይሄነው ቀጠሮ ጳጉሜን አንድ መሆኑን አሳምሬ አውቃለሁ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዓባይነህ ሻንጣ ገዛ ሲሉኝ፣ ዝናቡ ሰነፍ አደረገኝና ቤቱ አልሄድኩም። ስልክ ደወልኩ።

«ሱቄ ውስጥ ቆሜ ነው የምደውለው» አልኩት። «የሁለት ቀን ነገር ምን አላት? ሰውየው አይጠብቅህም?»

«ይቀመጡ፣ ጋሼ» አለኝና ዘጋው።

ጳጉሜን ሁለት አዳራሹ ሞላ። አግዳሚው በቦታው፣ ሳህኑ በየሃይማኖቱ፣ ምንም አልጎደለም። ጋቢ አለበስነውና ተናገር አልነው። ጋቢውን እንደያዘ፣ «ይሄነው ትናንት ማታ ደውሎ ነበር። አልመጣህም ብሎ ሌላ ሰው ቀጥሯል» አለ።

አንዷ እልል አለች፤ ጭብጨባው ቀለጠ፤ አቶ መሳፍንት «እግዜር ነው ያስቀረልን!» እያሉ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ዋጋዬ በር አጠገብ ቆማ ታየናለች። ተነሥታ የወጣችው ሕይወት ብቻ ናት።

ዓባይነህ በጭብጨባው መሐል ወደ እኔ መጣ። አልተቆጣም፤ ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ዝቅ ያለ ነበር።

«ጋሼ ኑርሁሴን፣ ደስ አለዎት?»

አላለኝም ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን ደስ ብሎኝ ነበር።