አባ ወልውልና የፍሬኑ ፔዳል

አባ ወልውል ያን ቀን በመርማሪው ፊት እውነቱን ተናገረ ወይስ ዋሸ? የሥራ ጎረቤቱ ወንበር ሰፊው ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንዳነሳና እንደጣለ ራሱም አያውቅም። አጠገቡ ቆሞ ነበር። በዐይኑ አይቷል፣ በጆሮው ሰምቷል። እንዲያም ሆኖ ማል ቢሉት አይምልም።

ሁለቱ በአንድ ግቢ፣ በአንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ስር ይሠሩ ነበር። ወንበር ሰፊው የተቀደደ የመኪና ወንበር ያለብሳል። አባ ወልውል የመኪና ውስጥ ያጸዳል። ውጭውን አይነካም። «ውጭውን ዝናብም ያጥበዋል፤ ሰው የሚቀመጠው ውስጥ ነው» ባይ ነው። በስንጥር ጫፍ ጥጥ ጠቅልሎ የአየር ማስገቢያውን ቀዳዳ አንድ በአንድ ይጠርጋል። የጣሪያውን ጨርቅ ውኃ ሳያጠጣ፣ በአረፋ ብቻ፣ እንደ ሕፃን ጭንቅላት ቀስ አድርጎ ያሸዋል። ለቆዳ ወንበር የቆዳ ቅባት፣ ፀሐይ ለሚሰነጥቀው ዳሽቦርድ ማብረቂያ ዘይት አለው። እሱ ከወለወለው ዳሽቦርድ ላይ ዝንብ ብታርፍ እግሯን ሰብራ ትነሳለች እያሉ ሹፌሮቹ ይቀልዱ ነበር።

ሦስት ነገሮችን ግን በዘይት አይነካም፤ መሪ፣ ማርሽና ፔዳል። እነሱን በሳሙና ውኃ ያጥባል፣ በደረቅ ጨርቅ ያደርቃል፣ ይተዋቸዋል። አዲስ ደንበኛ የመጣ እንደሆነ ቅር ይለዋል።

«ጋሼ፣ መሪዬን ረሳኸው እንዴ? ሌላው ሁሉ አብርቶ እሱ ብቻ የእንጀራ ልጅ መሰለ።»

«አልረሳሁትም። ዘይት የጠጣ መሪና መጠጥ የጠጣ ሹፌር ወንድማማች ናቸው። ሂድ፣ በሰላም ግባ!»

ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሲል ኖረ። ሰው ቁልፉን ወርውሮለት የሚሄደውም ለዚህ ነበር።

የአባ ወልውል ልጅ ሹፌር ነው። ለዓመታት በሰው መኪና ሲሠራ ቆይቶ በመጨረሻ የራሱን ገዛ፤ ያገለገለ፣ የሹፌር ወንበሩ የተተረተረ፣ ውስጡ የሲጋራ ሽታ የጠጣ መኪና። ወደ ግቢው ይዞት የገባ ዕለት አባ ወልውል መሬት አልበቃውም። ወንበር ሰፊው ወንበሩን ነቅሎ ሲሰፋ፣ አባትዬው ባዶው ቦታ ላይ ተንበርክኮ ከጣሪያ እስከ ወለል ሲያሽ ዋለ። አላፊ አግዳሚው «እንኳን ደስ ያለህ!» ይላል፤ እሱ ቀና ብሎ ያመሰግናል፤ ተመልሶ ይጎነበሳል። በአንድ እጁ ዘይት የነካ ጨርቅ፣ በሌላው ደረቅ ጨርቅ ይዟል። ያን ዕለት እያዜመ ነበር የሚሠራው። ወንበር ሰፊው በዚያ ሁሉ ዓመት ሲያዜም ሰምቶት አያውቅም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ልጁ መንገድ ሲሻገሩ የነበሩ አንድ አዛውንት ገጨ። ሆስፒታል ሳይደርሱ ነፍሳቸው ወጣች። ልጁን ወደ ማረፊያ ቤት ወሰዱት፣ መኪናውን ጎትተው ትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ አቆሙት። ቃሉን ሲጠይቁት «ፍሬን ልረግጥ ስል እግሬ አዳለጠኝ» አለ። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልጨመረም።

ይህን ቃል ለአባ ወልውል ያመጣችለት ሚስቱ ናት። ወንበር ሰፊው እንደሚያስታውሰው፣ ባልዋ ሁለት እጆቹን ገልብጦ አያቸው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

«አንተ መርፌ» አለ ቆይቶ። ወንበር ሰፊውን የሚጠራው እንዲያ ነው። «ወለሉን ስሠራ ታየኝ ነበር። ፔዳሉን በየትኛው እጄ ነው የነካሁት?»

«ጋሼ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያልቀባኸውን ያን ዕለት በምን ምክንያት ትቀባዋለህ?»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁህ። በየትኛው እጄ ነው?»

ወንበር ሰፊው አላየም። መርፌው ላይ አቀርቅሮ ነበር። አላየሁም አለው።

ከዚያ በኋላ አባ ወልውል እንቅልፍ በዐይኑ ሳይዞር ዘጠኝ ቀን ሞላው። ሚስቱ እየመጣች ለወንበር ሰፊው እንባዋን ታወርዳለች። «ይጋደማል እንጂ አይተኛም። ሲነጋ በእጁ አየር ሲወለውል አገኘዋለሁ። እባክህ ወንድሜ፣ አንተን ይሰማል፣ አንድ ነገር በለው።» ወንበር ሰፊው ግን ምን ይበል? ሥራ የለመደ እጅ ለባለቤቱ አይናገርም። እሱም ቢሆን የሰፋውን ስፌት መቼ እንደቋጠረው ቢጠይቁት አያውቅም።

በዘጠነኛው ቀን አባ ወልውል ልብሱን ቀይሮ መጣ። «ተነስ፣ አብረን እንሂድ» አለ።

መርማሪው ጎልማሳ፣ የደከመው ሰው ነበር። ጠረጴዛው ላይ የፋይል ክምር አለ።

«አባት፣ ሹፌር ሁሉ አዳለጠኝ ነው የሚለው። ፍሬኑን አስመርምረናል፤ ደህና ነው። ታዲያ ምን አዳለጠው? ጫማው ደረቅ፣ ወለሉ ደረቅ።»

«ፔዳሉን ልንካው» አለ አባ ወልውል።

«ምን ሊያደርግልዎ?»

«የመኪናውን ውስጥ ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ዘይት ካለው አውቀዋለሁ።»

መርማሪው ትንሽ አየውና ቁልፉን አንስቶ ወጣ። መኪናው ግቢው ጥግ አቧራ ለብሶ ቆሟል። በሩ ሲከፈት የሳሙናውና የቆዳ ቅባቱ ጠረን ገና አልለቀቀም ነበር። አባ ወልውል ተንበረከከ። ከኪሱ ንጹህ ነጭ ጨርቅ አወጣና ክንዱን ወደ ውስጥ ሰደደ። መጀመሪያ በጨርቁ ጠረገ፣ ቀጥሎ በባዶ አውራ ጣቱ የፔዳሉን ጎማ ደጋግሞ ዳሰሰ። ረጅም ጊዜ ዳሰሰ። ጀርባው አይንቀሳቀስም።

ሲነሳ ጨርቁን ለማጠፍ ለአፍታ ዘርግቶት ነበር። ወንበር ሰፊው ከጎኑ ስለቆመ አየው። አቧራ አለው። የዘይት ወዝ ግን አላየበትም። መርማሪው ከበሩ ማዶ ስለነበር አላየም።

«ዘይት አለው» አለ አባ ወልውል። «ቀብቼዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሃያ ስድስት ዓመት የኖርኩት በዚህ አውራ ጣት ነው።»

«ቃልዎን ልጽፈው ነው። ለልጁ ይቀልለታል። እርስዎ ላይ ግን ክስ ሊመጣ ይችላል፤ ባይመጣም ስምዎ—»

«ጻፈው ልጄ።»

ወንበር ሰፊው ያየውን ለራሱ ይዞ አሰበ። ዘጠኝ ቀን ቆይቷል፤ ዘይቱን ጎማው መጦት ይሆናል። ዐይን ያላየውን አውራ ጣት ያውቅ ይሆናል። ወይም አባት አባት ነው። ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዴም አልጠየቀው። ቢጠይቀው የሚነግረው ይመስለው ነበርና ፈራ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ገባ። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ደንበኞች መኪናቸው ሳይጸዳ ቁልፋቸውን መልሰው ሊወስዱ መጡ። አንደኛው አፍሮ አንገቱን አቀረቀረ። ሌላው ግን፣ ያ መሪዬ የእንጀራ ልጅ መሰለ ሲል የነበረው፣ «እኛን ስትመክር ቆይተህ በገዛ ልጅህ!» አለው። አባ ወልውል ቁልፉን አቀበለው። «ልክ ነህ» አለ። «በሰላም ግባ» ግን አላለውም።

ልጁን ከቀትር በኋላ በዋስ ለቀቁት። ቀጥታ ወደ ግቢው መጣ፤ ጢሙ አድጓል፣ የጫማው ማሰሪያ የለም። አባቱ ፊት ቆሞ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው።

«አባዬ፣ እውነት ቀብተኸው ነበር?»

«ቀብቼዋለሁ።»

«እኔ እኮ... አሁን አሁን እግሬ ማዳለጡን እጠራጠራለሁ። ዘግይቼ ረግጬ እንደሆነስ? ሌላ ቦታ እያየሁ—»

«አትጠራጠር። ለጥርጣሬው እኔ እበቃለሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሰውየው ሲወድቁ ወርደህ ነበር?»

«ወርጃለሁ። ጭንቅላታቸውን ታቅፌ ነው አምቡላንሱ የደረሰው። እጄን ይዘውኝ ነበር።»

አባ ወልውል ይህን ሲሰማ ነው ያለቀሰው። ድምፅ የሌለው ለቅሶ፣ ትከሻ ብቻ የሚያንቀሳቅስ። ልጁም አብሮት አለቀሰ። ወንበር ሰፊው የሚሠራ መስሎ መቀሱን ፈለገ፤ መቀሱ እጁ ላይ ነበር።

«ነገ የሰውየው ቤት አብረን እንሄዳለን» አለ አባ ወልውል። «ቢያባርሩንም ደጁ ላይ እንቆማለን። አሁን ሂድ፣ እናትህ ትይህ።»

ልጁ ወጣ። ግቢው ውስጥ የሚጸዳ መኪና አልነበረም። አባ ወልውል ብሩሾቹን አጥቦ ፀሐይ ላይ ደረደራቸው፤ የማብረቂያ ዘይቱን ጠርሙስ ክዳኑን አጥብቆ መደርደሪያው ላይኛው ጫፍ ሰቀለው። ከዚያ መሬት ላይ ተነቅሎ የተቀመጠ፣ ግማሹ የለበሰ የኋላ ወንበር አየ።

«አንተ መርፌ፣ እዚህ ትንሽ ጋደም ልበል? አትፈልገውም?»

«ተጋደም ጋሼ። ለነገ ነው እሱ።»

ጫማውን አውልቆ ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ ፊቱን ወደ ወንበሩ መደገፊያ አዞረ። ወንበር ሰፊው የስፌት መኪናው እንዳይጮህ እግሩን አነሳ። ትንፋሹ ሲረዝም፣ እጆቹም መወልወል ትተው ጭኑ ላይ ሲረጉ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብሎ አየ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር።