በጋራው ፈንታ የሰቀልነው ሸሚዝ

ከቤታችን ደጅ ላይ ሆኖ የሚታየው ጋራ ሁለት ጉብታ ነበረው። ከኮኪት አለፍ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ሌላ ከፍ ያለ ነገር ስለሌለ፣ ከሰሊጥ ማሳ የሚመለስ ሁሉ እሱን እያየ ነው ቤቱን የሚያገኘው። ወንድሜ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ሆኖ ለሥራ ወደ ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ ሲነሣ፣ እናቴ በጣቷ እያሳየች «ስትመለስ ይኼን ጋራ ስታይ ውረድ» አለችው። እዚሁ ተወልዶ ማደጉን የረሳች ይመስል! እሱም እየሳቀ ጉልበቷን ስሞ ሄደ።

ሁለት ዓመት እንደቆየ መንገድ ሠሪዎች መጡና ጋራውን የድንጋይ ካባ አደረጉት። ድማሚቱ ሲፈነዳ የጭቃ ግድግዳችን ይሰነጠቃል። የድንጋይ መፍጫው አቧራ ከማሽላችን እስከ ውሃ እንስራችን ሁሉን ነጭ ያለብሰዋል፤ ፍየሎቻችን እንኳ ያስሉ ነበር። እኔ ስናደድና ስራገም እናቴን የሚያብከነክናት ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልጄ በምን ይለየናል?»

አንድ ቀን ነጠላዋን አጣፍታ የካባው ኃላፊ ዘንድ ሄደች። እያፈርኩ ተከተልኳት። «የኔ ልጅ፣ አንዱን ጉብታ ብቻ ተዉልኝ። ልጄ ሲመጣ የሚያውቀው እሱን ነው» አለችው። ሰውየው አልሳቀባትም፤ ወንበሩን ለቀቀላት። «እማማ፣ በእኔ ቢሆን እተውልዎት ነበር፤ እኔም ታዛዥ ነኝ» አላት። ቢሆንም በመንገዱ ወገን ያለውን ጉብታ እስከ ፋሲካ ሳያስነካ አቆየላት። ከዚያ እሱ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረ፣ ጉብታውም ሄደ።

አይ እናቴ! ተስፋ ቆርጣ ትቀመጣለች ብላችሁ እንዳታስቡ። የወንድሜን ቢጫ ሸሚዝ ከሳጥን አውጥታ ከመንገዱ ዳር በረጅም እንጨት ላይ ሰቀለችው። አስፋልቱ ካለቀም በኋላ መፍጫው ለቤት መሥሪያ የሚሆን ጠጠር ይፈጫል፤ ስለዚህ ሸሚዙ በሳምንቱ አመድ ይመስላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ታወርደዋለች፣ ታጥበዋለች፣ መልሳ ትሰቅለዋለች።

«እማ፣ ኧረ በሞቴ! ሰው አብዳለች እያለ ነው» እላታለሁ።

«ይበል! እንዳበድኩ ልጄ ይምጣ።»

 

መጣ! በቅዳሜ ቀን፣ ያውም ሸሚዙ ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሳለ። ከመተማ በሚኒባስ ተሳፍሮ፣ በመስኮቱ ጋራውን ሲፈልግ ሲፈልግ ቤታችንን አልፎ ገንዳ ውሃ ከተማ ደረሰ። ኋላ እንደነገረን፣ የማላውቀው አገር ገባሁ ብሎ ደንግጧል። በባጃጅ ወደ ኋላ ሲመለስ ግን ገና ውሃው ያልተንጠፈጠፈ ቢጫ ሸሚዝ እንጨት ላይ አየ። እናቴ ከራኩባው፣ ከደጃችን የሣር ዳስ ጥላ ሥር ሆና ከባጃጅ ሲወርድ አየችውና ጫማዋን ሳታጠልቅ ሮጠች። ስንደርስ ከሸሚዙ ሥር ቆሟል፤ ጠብታው ትከሻውን አርሶታል።

አንገቱን አንቃ ሳመችው፣ ደግማ ሳመችው።

«እማ፣ ጋራችን የት ሄደ?» አላት እያለቀሰ።

«ይኸው፣ ቆመህበታል!» ብላ አስፋልቱን በእግሯ መታ መታ አደረገችው። ይኼን ሁሉ ዓመት ስነዘንዛት የኖርኩት እኔ ደግሞ እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሸሚዙን ላወርድ ስሄድ ከኋላዬ ጮኸችብኝ።

«ተይው! ምን ሆነሻል?»

«እንዴ፣ ልጅሽ መጣ'ኮ እማ!»

ወንድሜና አብሮት የሄደው የጎረቤታችን ልጅ ከተለያዩ ቆይተው ነበር፤ ወንድሜ ልጁ የት እንዳለ አያውቅም። እናቴ ይኼን የሰማችው ማታውን ነበር።

«የሷ ልጅ ገና አልመጣም» አለችኝ አሁን፣ የጎረቤታችንን ቤት እያየች። ቅዳሜ ሲደርስ ሸሚዙን ያጠብኩት እኔ ነኝ።