የእትዬ ብርቄ የዘር ድንች

ረቡዕ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከአዲስ አበባ ስንወጣ መኪናችን ላይ ድንች አልነበረም። ሁለት መቶ ቲሸርት፣ አንድ ባነር፣ አንድ ድምፅ ማጉያ፣ ፎቶ አንሺያችንና እኔ ነበርን። ባነሩም ቲሸርቱም «ድንች ለብርቱ ሯጭ፣ ድንች ለንቁ ተማሪ» ይላሉ። ብርቱዋ ሯጭ እኔ ነኝ። ጉልበቴ ከድቶኝ ሩጫ ካቆምኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አሁን ስለ አመጋገብ በሚያስተምር መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። የተላክሁት መንዝ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ልጆች አስሩጬ ድንች ላበላና «እኔንም እዚህ ያደረሰኝ ድንች ነው» ልል ነው። እውነቱን ለመናገር እኔን ያደረሰኝ በሶ ነው። በሶ ግን ባነር አልታተመለትም።

ቀኑን የመረጥኩትም እኔ ነኝ። በጀት በሰኔ ስለሚዘጋ በግንቦት መጨረሻ ይሁን አልኩ። በግንቦት መንዝ ውስጥ ድንች ይገኛል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ደብረ ብርሃን፣ ሦስት ሰዓት

ቁርስ ፍርፍር በላን፤ አንዱ መቶ ሃምሳ ብር። ሾፌራችን ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ታጥበው ሲመጡ በገበያው በኩል አገጫቸውን ወርወር አድርገው፣ «ከዚህ አንድ ኩንታል ብንጭን አይሻልም?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የራሳቸውን ምርት ሲበሉ ነው ፎቶው የሚያምረው» አልኳቸው።

«እሺ፣ አንቺ ካልሽ» ብለው ሞተሩን አስነሡ። ያን ጊዜ ብሰማቸው ይህን ማስታወሻ አልጽፈውም ነበር።

ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ መብራት አስበርቶ አስነዳን። ወደ ግራ ታጥፈን የመንዝን መንገድ ያዝን፤ ሁለት ቦታ ለፍተሻ አስወርደው ብዙ ሰዓት አቆዩን። ከሞላሌ ወዲያ ማሳው ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። መሐል ሜዳ ስንደርስ መሽቶ ነበር። አልጋው ሦስት መቶ ብር ነው፤ ብርዱን የቻልኩት የበግ ጠጉር ባና ደርቤ ነው።

ሐሙስ፣ ትምህርት ቤቱ

ከመሐል ሜዳ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንደነዳን ርዕሰ መምህሩ ክራባት አስረው በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። «እንኳን ደኅና መጣችሁ! ድንች ተገኝቷል» አሉ፣ ገና ሳልወርድ። ከበላይ «እንግዳ ይመጣል፣ ድንች ይዘጋጅ» ተብለው የተሰጣቸው ሦስት ቀን ነው። ገበያ ላይ አንድም አጥተዋል። በመጨረሻ የሰባተኛ ክፍሏ ዓለምነሽ፣ የትምህርት ቤቱ አንደኛ ሯጭ፣ «እኛ ቤት አለ» አለቻቸው። እናቷ እትዬ ብርቄ ለተዝካር ሌላ ደብር ሄደው ስላደሩ ልጅቷ ራሷ ጆንያውን በአህያ ጭና አመጣችው።

ከጥዱ ሥር ሁለት ሴቶች ብረት ድስት ጥደዋል። አንደኛዋ ቡቃያውን ከድንቹ ላይ እየቀነጠሰች ጠራችኝ።

«እህቴ፣ ይኼ ድንች አረንጓዴ ነው። ብልጠውስ?»

«አይላጥ» አልኩ። «ጉልበቱ ያለው ልጣጩ ላይ ነው። አረንጓዴውም ቫይታሚን ነው።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ የተማረ ሰው ተናገረኝ ብላ ድንቹን ከነልጣጩ ድስቱ ውስጥ ጨመረችው።

ልጆቹ ሜዳውን ሦስት ጊዜ ዞሩ። ዓለምነሽ ሌሎቹን ግማሽ ዙር ጥላ ገባች፤ አሯሯጧ የድሮዬን አስታወሰኝ። ቲሸርቱን አለበስኳት፣ በድምፅ ማጉያው «እኔንም እዚህ ያደረሰኝ ድንች ነው» የምትለዋን ውሸቴን ተናገርኩ፣ ድንቹም ከነትኩሳቱ ታደለ። ከኋላ ያሉት ነክሰው ቶሎ ብለው መዳፋቸው ላይ ተፉት። «መረረኝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የመንዝ ልጅ ግን እንግዳ ፊት ምግብ አይነቅፍም፤ አብዛኞቹ አንገታቸውን እየሰበሩ ዋጡ። ዓለምነሽ ፎቶ አንሺው «ፈገግ በይ» እያላት ሦስት ድንች ጨረሰች። ሯጭ ይበላዋል ብያታለሁና።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግድግዳ ተደግፋ ታስመልስ ጀመር። ሌሎች አምስት ልጆችም ተከተሏት። ጤና ኬላ ወሰድናቸው፤ አመሻሽ ላይ ሁሉም ተሻላቸው። የአካባቢው የግብርና ባለሙያ ስልክ ሲደወልላቸው፣ «የዘር ድንች ብርሃን ሲመታው ይመርራል፣ ይመርዛልም፤ ይልቁንም ልጣጩ» አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እትዬ ብርቄ ከተዝካሩ ሲመለሱ ወሬውን መንገድ ላይ ሰምተው በቀጥታ ወደ ጤና ኬላው መጡ። መጀመሪያ የልጃቸውን ግንባር ዳሰሱ። ከዚያ ከእኛ ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሰው ድስቱን ከፈቱ። የቀረውን አንድ ድንች አንሥተው በአውራ ጣታቸው አሹት።

«ሦስት ወር ሙሉ በእንጨት ርብራብ ላይ ዘርግቼ ብርሃን ያሳየሁት ዘሬ ነው። እንዲህ አረንጓዴ ሲሆን ለመሬት እንጂ ለሰው አይሆንም። ይኼን የማያውቅ አለ?»

ርዕሰ መምህሩ ጫማቸውን ያዩ ነበር።

«ማነው ያበላቸው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ለመሆኑ የምን ባለሙያ ነሽ፣ ልጄ?»

«የምግብ።»

አልሳቁም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

«ከአዲስ አበባ አንድ ኩንታል ገዝቼ እልክልዎታለሁ» አልኳቸው።

«የገበያውን? ገና ያልጎነቆለ ድንች ምን ሊሆነኝ? እሱ እስኪነቃ ክረምቱ ቆሞ ይጠብቀኛል?» ድንቹን ወደ ድስቱ መለሱት። «ጎረቤቶቼም ከእኔ ነበር የሚወስዱት።»

ዓርብ፣ ወደ ቤት

በመንገዱ ሁሉ ጋሽ ታደሰ ስለ ደብረ ብርሃኑ ገበያ አንድ ቃል አላነሡም። እሱ ነው ያቃጠለኝ።

ሪፖርቱን ስጽፍ ስለ ዘሩና ስለ ልጆቹ ሕመም አንድ አንቀጽ አስገብቼ ነበር። አለቃዬ «ይህ ለሌላ ጊዜ ይቆይ» አለኝ፤ አወጣሁት። ማንም እጄን ይዞ አላስጠፋኝም፣ በገዛ ጣቴ ነው ያጠፋሁት። የዓለምነሽ ፎቶ አሁን ኮሪደራችን ላይ ተሰቅሏል። ያየው ሁሉ ፈገግታዋ ያምራል ይላል። እኔ ግን ምሬቱን እየዋጠች እንደነበር አውቃለሁ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ትልቅ ነገር አይደለም። ድንች ለሚተክል ሰው ስለ ድንች ልንገረው ብዬ ስነሣ፣ መጀመሪያ እሱን መጠየቅ ነበረብኝ። ጥያቄው ከአንድ ስልክ በላይ አይፈጅም ነበር።

ሐምሌ ላይ ለእትዬ ብርቄ ደወልኩ። «መሬቱስ?» አልኳቸው።

«ጦሙን አደረ» አሉኝ። ቁጣ የለባቸውም።

«ዓለምነሽስ? ትሮጣለች?»

«ትሮጣለች። ያንን ልብስሽን ለብሳ ነው የምትሮጠው፤ ሌላ የላትማ።»