እናቴ የዘለለችው ምዕራፍ

ነገሌ የራሷን የእሳት አደጋ መኪና ያገኘች ዕለት ግማሹ የከተማው ሰው ሊያይ ወጣ፣ ግማሹ ደግሞ ሊስቅ። እኔ ከሚስቁት ጋር ነበርኩ። እንዴት አልስቅ? ቧንቧችን ደስ ሲለው በሳምንት አንዴ ይመጣል፤ ሲያኮርፍ ጭራሽ ይረሳናል፣ ያኔ በአህያ ጋሪ የሚዞረውን ውሃ እንገዛለን። ታዲያ ያንን የሚያህል ቀይ መኪና በምን ሊሞሉት ነው? አንድ ባለ ጋሪ በአጠገቡ ሲያልፍ የአህያዋን ጆሮ ያዝ አድርጎ "በይ እንግዲህ፣ የመንግሥት ሥራ ተገኘልሽ" ሲላት ሰምቼ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት።

ብዙም ሳይቆይ ማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ ለጠፈ። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ይፈለጋል፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሰ፣ ሴቶች ይበረታታሉ፣ የጽሑፍ ፈተና አለ። ሳቄ እዚያው ማስታወቂያው ስር ቀረ። እኔ አሥረኛን ጨርሼ እናቴ ሱቅ ውስጥ ስኳር እመዝን ነበር። ስኳር መመዘን ነውር የለውም። ግን ቀኑን ሙሉ "ሩብ ስጪኝ፣ ግማሽ ስጪኝ፣ ኧረ ሚዛኑ ይድፋ እንጂ" ሲሉኝ ውዬ ተኝቼም በሕልሜ እመዝን ነበር፣ ወላሂ። ሮጬ ተመዘገብኩ።

መዝጋቢው ለእያንዳንዳችን አንድ የማንበቢያ ጥራዝ ሰጠን። ከአዲስ አበባ የመጣ ፎቶ ኮፒ ነው፣ በአማርኛ የተጻፈ። "ፈተናው በሁለቱም ቋንቋ ይሰጣል፤ ማንበቢያው ግን ያለው ይሄው ነው" አለኝ። እኔ ደግሞ የቁቤ ልጅ ነኝ፤ ትምህርቴን የጨረስኩት በኦሮምኛ ነው። አማርኛውን እንደ ማንኛውም የነገሌ ልጅ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ፊደሉ ላይ ስደርስ ግን ዳዴ እላለሁ። አንድ ገጽ አንብቤ ስጨርስ የገጹ መጀመሪያ ይጠፋብኛል።

በቤታችን አማርኛ እንደ ውሃ የምታነብ አንድ ሰው ብቻ ነች፣ እናቴ። አዮ ነው የምንላት። በደርግ ጊዜ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአማርኛ ተምራ፣ ከዚያ ለአባታችን ተዳረች። አባታችን ካረፈ ወዲህ ሱቁንም፣ እኔንም፣ ሁለቱን ታናናሽ እህቶቼንም ብቻዋን ይዛለች። ጥራዙን ሳሳያት መነጽሯን አድርጋ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችውና "እኔ አነባለሁ፣ አንቺ ትመልሻለሽ። ስኳሩን እየመዘንሽ" አለችኝ።

እንደሷ ያለ ፈታኝ አይቼ አላውቅም። ባንኮኒው ላይ ክርኗን ተክላ አንዱን አንቀጽ ታነባለች፣ ያልገባኝን በኦሮምኛ ታፍታታልኛለች፣ ከዚያ ጥራዙን ከድና ትጠይቀኛለች። ስመልስ "ጎበዝ" የሚባል ነገር የለም፤ "ቀጥዪ" ብቻ። ስሳሳት ግን "ሞትሽ" ትላለች።

"የኤሌክትሪክ እሳት በምን ይጠፋል?"

"በውሃ..."

"ሞትሽ። ቀጥዪ።"

ሌላ ቀን ደግሞ ጭስ በሞላው ክፍል ውስጥ ቆሜ እንደምሄድ ስነግራት "ሞትሽ፣ ተሸክመሽው የነበረውንም ሰውዬ ገደልሽው" አለችና ሳሙና ሊገዙ ወደ መጡት አዛውንት ዞራ "ይቅርታ አባባ፣ ምን ልስጥዎት?" አለቻቸው። አዛውንቱ ወደ እኔ እያዩ ገንዘባቸውን ሰጥተው ሳሙናውን ረስተው ሄዱ። ሮጬ አደረስኩላቸው።

ሀይድራንት የሚባለው ላይ ስንደርስ ደግሞ ሁለታችንም ተቸገርን። "መንገድ ዳር የሚተከል ቧንቧ ነው፣ እሳት ሲነሳ መኪናው ከዚያ ይቀዳል" ብላ አነበበችልኝ።

"ውሃ ከየት ያመጣል?"

"ሁልጊዜ አለው ይላል።"

"ሁልጊዜ?"

መነጽሯን አውልቃ ድጋሚ አየችው። "ሁልጊዜ" አለች፣ ራሷም ሳታምን። ያን ቀን እስኪበቃን ሳቅን።

እንዲህ እያልን ጥራዙን ልንጨርስ ስንል አንድ ነገር ታወቀኝ። አዮ ከምዕራፍ ሁለት ወደ ምዕራፍ አራት ነው የተሻገረችው።

"ምዕራፍ ሦስትስ?" አልኳት።

"አይመጣም።"

"ማን አለሽ?"

"አይመጣም አልኩሽ! ስኳሩን መዝኚ።"

እኔን ደግሞ አይመጣም ካሉኝ አበቃ። አዮ ገበያ የሄደች ጊዜ ጥራዙን ከባንኮኒው ስር አውጥቼ ምዕራፍ ሦስትን ዳዴ እያልኩ አነበብኩት። ስለ ቤንዚን ነው።

አሁን ስለ ቤታችን መናገር አለብኝ። ፊት ለፊት ሱቁ ነው፤ ከሱቁ ኋላ አራታችን የምንተኛባት አንዲት ክፍል አለች። የክፍሏ ጥግ ላይ መጋረጃ ተጋርዷል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቤንዚን የሞላ ጀሪካን ተደርድሯል። ከተማው ውስጥ ባጃጅ እንደ አሸን ፈልቷል፣ ማደያው ደግሞ አንድ ቀን ሠርቶ ብዙ ቀን "የለም" ይላል። ስለዚህ አዮ ከሹፌሮች ቤንዚን ትረከብና በሃይላንድ ጠርሙስ እየቀዳች ለባለ ባጃጆቹ ትሸጣለች። እሷ ብቻ አይደለችም፤ በመንገዳችን ላይ የማይሸጥ ቢፈለግ አይገኝም። ከሱቁ የሚገኘው ለሻይና ለዳቦ ነው፤ ደብተራችን፣ ጫማችን፣ የታናሽ እህቴ መድኃኒት ከቤንዚኑ ነው።

ምዕራፍ ሦስት የሚለው እንዲህ ነው፤ ቤንዚን ክዳኑ ቢዘጋም ይተናል። ትነቱ አይታይም። ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይወጣም፣ መሬት ለመሬት ይሄዳል። እሳት ያገኘበት ቦታ ላይ ይቀጣጠልና ወደ መጣበት ይመለሳል። ቀና ብዬ ሳይ እህቶቼ የሚተኙበት ፍራሽ መሬት ላይ ተዘርግቷል፣ ከሰል ምድጃው በር ላይ ተቀምጧል። ያን ያህል ዓመት የተኛሁበት ቤት የፈተና ጥያቄ ሆኖ ቁጭ አለብኝ።

አዮ ዘንቢሏን ሳታወርድ በር ላይ ያዝኳት። "አንብቤዋለሁ! ይሄ ቤንዚን ዛሬውኑ ይውጣ!"

"ስንት ዓመት ተኛሽበት?" አለችኝ፣ ረጋ ብላ።

"ብዙ።"

"ተቃጠልሽ?"

"አላህ ጠብቆን ነው!"

"እንግዲያው ይጠብቀናል" ብላ ሽንኩርቷን መላጥ ጀመረች። የምለው ብዙ ነበር፣ ግን አንዱም አልወጣልኝም፤ ምክንያቱም የያዝኩት ጥራዝ የተገዛበት... አይ፣ ጥራዙ እንኳ በነጻ ነው። የለበስኩት ቀሚስ ግን የቤንዚን ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣሁ። ክብሪት ሲጫር እዘላለሁ። አዮ ከሰል ስታቀጣጥል ምድጃውን አንስቼ ግቢው መሀል አወጣዋለሁ፣ እሷ ትመልሰዋለች፣ እኔ አወጣዋለሁ። እህቶቼ ይሄን ጨዋታ አድርገውት ይስቁብኛል። እኔ ደግሞ ሳቃቸውን ስሰማ እንባዬ ይመጣል።

ነገሩ የፈነዳው በአንድ ባለ ባጃጅ ነው። ከደንበኞቻችን ሁሉ የቆየው ነው፣ "አካም፣ እሳት አደጋ!" እያለ ማሾፍ የሚወድ። አዮ ጓሮ ነበረች። ሞተሩን ሳያጠፋ ሱቁ በር ላይ ቆመና ሲጋራውን አፉ ላይ እንዳንጠለጠለ "ሁለት ሃይላንድ ቅጂልኝ" አለኝ። ጠርሙሱ በእጄ ነው።

"ሲጋራህን አጥፋ።"

"ምነው፣ ተቀጠርሽ እንዴ?"

"አጥፋ አልኩህ!"

ጭሱን ወደ ላይ እፍ አለና ሳቀ። ጠርሙሱን አስቀምጬ ማሰሮ አጠገብ ያለውን ጣሳ ውሃ አነሳሁና ፊቱ ላይ ቸለስኩበት። ሲጋራው ጠፋ። እሱ ግን ነደደ። አዮ ጩኸቱን ሰምታ ስትመጣ ውሃ እየተንጠባጠበ "አዴ፣ ልጅዎ አብዳለች! በቃ፣ ከእንግዲህ በዚህ በር አላልፍም!" አላትና ባጃጁን አስጩሆ ሄደ።

አዮ መጀመሪያ ያየችው መሬት ላይ የፈሰሰውን ውሃ ነው። ቀጥላ እኔን አየችኝ። "ቤንዚን አጠገብ ውሃ?" አለች። "ውሃ የነዳጅ እሳት ያሰፋል፣ ምዕራፍ ሁለት። ሞትሽ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን አለቀስኩ። እህቶቼ እዚያ ፍራሽ ላይ ተቃጥለው እንደሚታዩኝ፣ ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር እንደሚታዩኝ፣ ፈተናውንም እንደጠላሁት፣ ምነው ባላነበብኩት ብዬ እንደምመኝ ነገርኳት። በሁለቱም ቋንቋ እያምታታሁ ነው የነገርኳት። ስጨርስ አዮ ባንኮኒው ጋ ሄዳ መነጽሯን በነጠላዋ ጠረገች።

"ስሚ" አለችኝ። "ልጄ ስላዘዘችኝ እንጀራዬን አልዘጋም። ልጅ ነሽ፤ ነገ ሌላ ነገር ታነቢና ስኳርም አትሽጪ ትዪኛለሽ። ግን የመንግሥት ሰው ቆሞ ካዘዘኝ እሰማለሁ። እለፊ። ልብሱን ልበሺ። በዚህ በር ግቢና እዘዢኝ፣ ያን ቀን ይወጣል፣ ሽያጩም ይቀራል። እስከዚያ ድረስ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል እንዳልሰማ።"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ።"

በማግስቱ ጠዋት ባንኮኒው ላይ ክርኗን ተክላ የጀመረችው ከምዕራፍ ሦስት ነው። እንደዚያ ምዕራፍ ያስጨነቀችኝ የለም። ወደ ፊት አስጠየቀችኝ፣ ወደ ኋላ አስጠየቀችኝ፣ አሞሌ እየመዘንኩ፣ ዘይት እየቀዳሁ፣ ደንበኛ ፊት። ባለ ባጃጁ ወሬውን አዳርሶት ኖሮ የቤንዚን ገዢ ቀንሷል፤ ትርፍ ጊዜ ነበራት። ፈተናውን ካለፍኩ ምን እንደሚቀርባት ገብቷት ይሆን እያልኩ አያታለሁ። ገብቷታል። ከእኔ በላይ ገብቷታል። ግን ስሳሳት የምትቆጣው ቁጣ የእውነት ነበር።

ፈተናው የተሰጠው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ከወደራ ሁሉ በሚኒባስ የመጡ ነበሩ። ደረታቸውን የነፉ ጎረምሶች ከበቡኝ፤ አንዱ "እህት፣ የነርስነቱ ፈተና በዚያ በኩል ነው" አለኝ። "ቁስልህን ቆየት ብዬ አየዋለሁ" አልኩትና ተቀመጥኩ። ወረቀቱ ሲገለጥ ጥያቄዎቹን ሁሉ በአዮ ድምፅ ነው ያነበብኳቸው። አንዱን ልሳሳት ስል "ሞትሽ" የምትለኝ ይመስለኝና እሰርዛለሁ። ምዕራፍ ሦስት መጣ። የሰው መኖሪያ ቤት ውስጥ ነዳጅ ቢገኝ መጀመሪያ ምን ይደረጋል ይላል። መልሱን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። ጻፍኩት።

ውጤቱ ማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ስሜ ከመስመሩ በታች ነበር። ተጠባባቂ ይላል። እግሬ እየተጎተተ ወደ ቤት መጣሁ። አዮ ፊቴን አይታ ሚዛኑን አስቀመጠች።

"ወደቅሽ?"

"አልወደቅኩም። ተጠባባቂ ነኝ።"

"እሱ ደግሞ ምንድነው?"

"ካለፉት አንዱ ከቀረ እኔ እገባለሁ። ካልቀረ አልገባም።"

አሰበች። ከንፈሯን ነከስ አደረገች። "እንግዲያው ግማሽ እሳት አደጋ ነሽ" አለች። "ግማሽሽ ካዘዘ ግማሹ ይወጣል።" የምሯን ነበር። መጋረጃውን ገልጣ ከእህቶቼ ፍራሽ አጠገብ ካሉት ጀመረች፤ ግማሹን ጀሪካን ወደ ግቢው ዳር፣ ከአጥሩ ስር ወደተሠራችው ዳስ ወሰደችው። አቀፍኳት። "ልቀቂኝ፣ ገና ግማሽ ነሽ" አለችኝ።

ከቀናት በኋላ ካለፉት አንዱ ወርቅ ይሻለኛል ብሎ ክብረ መንግሥት ገብቶ ቀረ። ተጠራሁ። ሥልጠናውን ጨርሼ ዩኒፎርሙን የሰጡኝ ዕለት ባጃጅ አልያዝኩም፤ ሰው እንዲያየኝ መሀል ከተማውን አቋርጬ በእግሬ ነው የመጣሁት። ሱቁ በር ላይ ስደርስ እህቶቼ እልል አሉ። አዮ ግን ከወንበሯ ተነስታ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

"እንደምን ዋሉ" አለችኝ። "ምን ልታዘዝ?"

ልስቅ ነበር። ፊቷ ላይ ግን ሳቅ የለም። በመንገድ ሁሉ የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ። ከወሩ መጨረሻ በፊት ምን እንደምንበላ፣ ሱቁ ብቻውን ስንት ቀን እንደሚያቆየን ያኔ ነው ያሰብኩት።

"አዮ..."

"አዮ የለችም። ባለ ሱቋ ነኝ፣ ይዘዙ።"

"በመኖሪያ ቤት ውስጥ ቤንዚን ማስቀመጥ ክልክል ነው" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። "አሁኑኑ ይውጣ።"

"እሺ" አለች። መጋረጃውን ገልጣ ገባችና በሁለት እጇ ሁለት ጀሪካን ይዛ ወጣች፣ ወገቧ ጎበጥ ብሎ። ሌላውን ላነሳ ጎንበስ ስል ጀሪካኖቹን መሬት አድርጋ እጄን መታ አደረገችው።

"ተዪ አንቺ!" አለችኝ። "አዲስ ልብስሽ ይሸታል።"