የቦራ ጀርባ

መስቀል ፍላወር አካባቢ ከምሠራበት ምግብ ቤት ጓሮ አንድ ጋራዥ አለ። ሰሃን የማጥብበት መስኮት ወደዚያው ስለሚከፈት፣ ሰዎቹ የመኪና ዘይት ሲቀይሩ የተቃጠለው ዘይት ሽታ የሳሙናውንም የወጡንም ሽታ አልፎ እኔ ጋ ይደርሳል። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች መስኮቱን ዝጊው ይሉኛል። እኔ ግን እጄን ውሃው ውስጥ እንደነከርኩ ቆሜ እቀራለሁ። ለእኔ ያ ሽታ የመኪና አይደለም፣ የፈረስ ነው።

ፈረሳችን ቦራ ይባል ነበር። ሰውነቱ ዳማ ሆኖ፣ ከዓይኖቹ መሃል እስከ አፍንጫው የሚወርድ ነጭ ምልክት ስለነበረው ነው ስሙን ያገኘው። አባቴ በጋሪ አሸዋና ሲሚንቶ እያመላለሰ ነው ያሳደገን፤ ያን ጊዜ ጎተራ አካባቢ ኮንዶሚኒየሞቹ እየተሠሩ ስለነበር ሥራ አይጠፋም ነበር። ቂርቆስ የነበረው ግቢያችን ሦስት ቤተሰብ የሚኖርበት ጠባብ ግቢ ነው፤ ቦራ ጥግ ላይ በቆርቆሮ በተከለለች ቦታ ያድራል። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ገመድ ላይ ያሰጡትን ነጠላ ሲያኝክባቸው ባገኙት ቁጥር፣ "ይሄ ፈረስ ነው ወይስ ተከራይ? ተከራይ ከሆነ የመብራት ያዋጣ!" እያሉ ግቢውን ሁሉ ያስቁታል፤ በማግስቱ ደግሞ ራሳቸው የካሮት ልጣጭ በሰሃን ይዘውለት ይመጣሉ።

እኔ ከሰው ጋር ማውራት የማልችል ልጅ ነበርኩ። አስተማሪ ስሜን ሲጠራ "አቤት" ማለት አቅቶኝ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ቀሪ የተባልኩበት ቀን ብዙ ነው። ቦራ ግን አቤት በይ አይለኝም። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱም ከሥራ ይመለሳል፤ ላቡ እስኪደርቅ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አመላልሰዋለሁ፣ ከዚያ ውሃውን አቀርብለታለሁ፣ ገብሱን ከፍሩሽካ ጋር አሽቼ እሰጠዋለሁ። እየበላ ሳለ እግሮቹን ተራ በተራ አንስቼ ሰኮናው ውስጥ የተሰነቀረውን ጠጠር በማንኪያ እጀታ አወጣለሁ። ያን ሁሉ ክብደት ትከሻዬ ላይ ጥሎ እንቅልፍ የሚወስደው ጊዜ ነበር።

አንድ ዓመት መስከረም ላይ ጭነት በዛና ጀርባው ገጠበ። ኮርቻው የሚያርፍበት ቦታ ተላጠ፣ ቆይቶ የእጄን መዳፍ አከለ። አባቴ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት በፕላስቲክ ጠርሙስ አመጣ። ባለጋሪዎቹ ሁሉ የሚያደርጉት ነው፣ ዝንብ አያሳርፍም ይላሉ። እኔ በጨርቅ እየነከርኩ እቀባዋለሁ፤ ቦራ ቆዳው ይርገፈገፋል እንጂ ረግጦኝ አያውቅም። ይህም አልበቃኝም። አሮጌ ቀይ ብርድ ልብስ ቆርጬ፣ ጥጥ ጠቅጥቄ፣ ከኮርቻው ሥር የሚነጠፍ ትራስ ሰፋሁለት፤ ጠርዙንም በቢጫ ክር ዘመዘምኩት። አባቴ ገልብጦ አየውና፣ "እጅሽ ይባረክ፣ የኔ ልጅ። ከእንግዲህ ምንም አይሰማውም" አለኝ። አባቴ ሰው የሚያሞግስ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ራት አልበላሁም፣ በደስታ።

ረቡዕ ረቡዕ ከኡራኤል በታች ባለ ሜዳ ላይ የጋሪ ፈረሶችን በነጻ የሚያክሙ ሰዎች ይመጡ ነበር። ከወር በኋላ አባቴ እኔን አስከትሎ ወሰደው። ሐኪሟ ቀጭን ሴት ናት። ትራሱን ስታነሳው የወጣው ሽታ ሁላችንንም ወደ ኋላ መለሰን፤ ከዘይቱ ሥር ሥጋው በስብሶ ነበር።

"ይሄን ማን ነው የሰፋው?"

አባቴ በኩራት፣ "እሷ ናት፣ ልጄ" አላት።

ሐኪሟ አየችኝ። "እጅሽ ጎበዝ ነው፣ የኔ ቆንጆ። ግን ቁስሉን ሸፈንሽለት እንጂ አላዳንሽለትም።" ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ ነገረችው፤ በጨው ውሃ ይታጠብ፣ ዘይት አይንካው፣ ስድስት ሳምንት ኮርቻ አይጫንበት።

አባቴ ሳቀ። "እሱ ስድስት ሳምንት ሲተኛ እኛ ምን ልንሆን ነው፣ ዶክተር?"

እሱ ልጓሙን ሊያጠልቅ ሲሄድ ሐኪሟ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ "አባትሽ ሊተወው ካሰበ፣ ወይም የትም ቢተወው፣ እዚህ አምጪልኝ። የደከሙ የምናሳርፍበት ግቢ አለን" አለችኝ። ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኳት።

በማግስቱ አባቴ ቀዩን ትራስ መልሶ ጫነበት። ሽታውን አውቀዋለሁ። ቦራ ትራሱን ሲያይ ጀርባውን እንደሚያሸሽም አይቻለሁ። አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ ዓይናፋር ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፣ ያቺን ሙገሳ እንዳላጣት ፈርቼ ነው። ለዚህ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው እንኳ የለኝም።

ጥር ላይ ቦራ የፊት እግሩን መጎተት ጀመረ። አንድ ማለዳ አባቴ ያለጋሪ ይዞት ወጣ፤ ሲመለስ እጁ ላይ የቀረው ልጓሙ ነው። "ሣር ያለበት ነው የተውኩት" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ያረጀ ፈረስ አይገደልም፣ የሚገዛውም የለም፤ ባለጋሪዎቹ መንገድ ዳር ይለቁትና ለእግዜር ተውነው ይላሉ። እናቴ ምሳ አቀረበችለት፣ አልነካውም። የት ብዬ አልጠየቅኩትም።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ እናቴ ሳሪስ አክስቴ ጋ ላከችኝ። በታክሲ ጎተራ ጋ ስንደርስ፣ በሁለቱ አስፋልት መሃል ባለችው የሣር መደብ ላይ ቦራን አየሁት። ጎድኑ ይቆጠራል፤ ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ግን ያው ነው። ከግራም ከቀኝም መኪና ይበራል፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ሣር ይነጫል። ታክሲው ቀስ ሲል ቀና አለ። ጆሮዎቹ ወደ እኔ ዞሩ።

ወራጅ አለ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌን ከፈትኩ። ታክሲው ሙሉ ነው፣ ወያላው ከኋላ ካሉት ጋር ይሳሳቃል፣ አፌን መልሼ ዘጋሁት። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ፣ "ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?" አሉኝ። ራሴን ነቅንቄ የለም አልኳቸው። የወረድኩት ሁሉም ሰው ሲወርድ፣ ሳሪስ ነው።

እየሮጥኩ ተመለስኩ። ሣሩ እስከ አፈሩ ተግጧል፣ ቦራ የለም። መንገድ ዳር የተቀመጠ ሊስትሮ በምልክት ብጠይቅ ትከሻውን ነቀነቀ። መደቡ ላይ ፋንድያ አገኘሁ፣ በእጄ ነካሁት፤ ገና ይሞቃል። እስኪመሽ እዚያው ቆሜ ጠበቅኩ።

ሌላ ፈረስ አልገዛንም። አባቴ የጥበቃ ሥራ ገባ፣ እኔም ስምንተኛን ጨርሼ ሰሃን ማጠብ ጀመርኩ። ጋሪ የሚባል ነገር ከሰፈሩ ጠፍቷል፤ ግቢያችን ፈርሶ እትዬ ዘውዴ የት እንደገቡ አላውቅም። ቀዩ ትራስ ብቻ እኔ ጋ አለ፣ ስንት ጊዜ ባጥበው ዘይቱ አልለቀቀውም።

አሁንም ከሥራ ወደ ቤቴ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሌላ ሰው ወራጅ እስኪል እጠብቃለሁ። ማንም ካላለ ሰፈሬን አልፌ እሄድና በእግሬ እመለሳለሁ።